አዋቂ ሰዎች አንዱን የፖለቲካ እውነታ ለምን ለየቅል ያዩታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ያህል የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያምናል?

ጥያቄው ከሁለቱም ጎራ ነው የሚመጣው፤ በዚያ በኩል ያሉትም ስለ እርስዎ ይህንኑ ይጠያየቃሉ። ከሥሩ ያለው ግምት "እኔ ነገሩን እንዳለ አየዋለሁ፤ ስለዚህ ከእኔ የተለየ ሰው ወይ አልሰማም፣ ወይ አልገባውም፣ ወይ የሚደብቀው ጥቅም አለው" የሚል ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ሊ ሮስ ለዓመታት ያጠኑት ይህንን ግምት ነበር። ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ እናስረዳለን፣ አልመለስ ሲሉን ሞኝ ናቸው እንላለን፣ ሞኝ አለመሆናቸው ሲታይ ደግሞ ክፉ ናቸው እንላለን።

በአጭሩ ሲመለስ፣ ብልህነት ሰው ለያዘው አቋም ምን ያህል አሳምሮ እንደሚከራከር ይወስናል እንጂ የትኛውን አቋም እንደሚይዝ ብዙም አይወስንም። ያንን የሚወስኑት ማንን ያምናል፣ ከማን ጋር ይውላል፣ ማስረጃ ሲቀርብለትስ መጀመሪያ ምን ብሎ ይጠይቃል የሚሉት ናቸው።

ቁጥር ግን ቁጥር ነው። በቁጥር ላይ እንዴት ይጣላሉ?

አብዛኛው ጠብ በቁጥሩ ላይ ሳይሆን "የትኛው ቁጥር ይነሳ" በሚለው ላይ ነው። የዋጋ ግሽበት አምና 20 በመቶ ነበር፣ ዘንድሮ 10 በመቶ ሆነ እንበል። የመንግሥት ደጋፊ "ግሽበቱ በግማሽ ወረደ" ይላል። ተቃዋሚው "ኑሮ ከአምናውም ባሰበት" ይላል። በ100 ይገዛ የነበረ ዕቃ አምና 120፣ ዘንድሮ 132 ገብቷል፤ ስለዚህ ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ የሚናገረው ዋጋው ስለሚጨምርበት ፍጥነት ነው፣ ሌላው ስለደረሰበት ከፍታ። ለየብቻ ቢጠየቁ አንዱ የሌላውን ቁጥር ይቀበላል፤ "ዋናው ግን የእኔ ነው" ማለቱን ግን አይተውም።

ሥራ አጥነት ደግሞ ይብሳል። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነና ሥራ በመፈለግ ላይ ያለ ሰው ነው። ተስፋ ቆርጦ ፍለጋውን ያቆመ ከቁጥሩ ይወጣል፤ በሳምንቱ ውስጥ ለአንዲት ሰዓት ብቻ ተከፍሎት የሠራ ደግሞ ሥራ ያለው ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ መጠኑ ሲወርድ ሰዉ ሥራ አግኝቶ ይሆናል፣ ወይም መፈለግ ታክቶት ይሆናል። ከመጠኑ ብቻ ይህን መለየት አይቻልም፤ ክፍተቱን ሁሉም ቀድሞ በሚያምነው ይሞላዋል። ግራፉ ከየትኛው ዓመት ይጀምር የሚለውም እንዲሁ ነው። ከቀውስ ማግስት የሚጀምር ግራፍ ማንኛውንም መንግሥት ጎበዝ ያስመስላል።

መረጃው ስላልደረሳቸው አይደለም? ቢነገራቸው አይመለሱም?

አንዳንዴ እንደዚያ ነው። ሰው ሲታረም እልህ ይዞት ስህተቱን ያጠብቃል የሚል አባባል በሰፊው ተሰራጭቶ ነበር፤ ዋናው መነሻው በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ነው። በኋላ ቶማስ ዉድና ኢታን ፖርተር ከ10,000 በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ላይ ፈትነው ያ እልህ ከሞላ ጎደል እንደሌለ አሳዩ። ሰው ትክክለኛውን አኃዝ ሲያገኝ፣ አኃዙን ባይወደውም እንኳ፣ በአብዛኛው ወደ እሱ ይጠጋል። "ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው" የሚሉ ሰዎች ይህን ውጤት ቢያዩት ጥሩ ነው።

ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ለዶናልድ ትራምፕ ደጋፊዎች እጩው ስለ ወንጀል መጨመር የተናገሩት ከአኃዙ ጋር እንደማይገጥም ተነገራቸው። እርማቱን ተቀበሉ፤ ለእጩው ያላቸው ድጋፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህ የእነሱ ብቻ ጠባይ እንዳይመስል። መሪን የወደደ ሰው የወደደው በአንዲት አኃዝ ምክንያት አይደለምና አኃዟ ስትወድቅ ፍቅሩ አብሯት አይወድቅም።

በዓይን የታየ፣ በካሜራ የተቀረጸ ነገርስ?

በ1951 የዳርትመዝ ኮሌጅና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድኖች በአሜሪካን ፉትቦል ተጋጠሙ። ጨዋታው ሻካራ ነበር፤ የፕሪንስተኑ ኮከብ አፍንጫው ተሰብሮ ወጣ፣ ከዳርትመዝ በኩል ደግሞ አንዱ እግሩ ተሰበረ። አልበርት ሄስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል የተባሉ ተመራማሪዎች የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ተማሪዎች አሳይተው ጥፋቶቹን አስቆጠሯቸው። የፕሪንስተን ተማሪዎች ዳርትመዝ በአማካይ 9.8 ጥፋት ሲሠራ አዩ። የዳርትመዝ ተማሪዎች በዚያው ፊልም ላይ የራሳቸው ቡድን 4.3 ብቻ ሲሠራ አዩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ የሚቆረሰው ጥፋት ሲሆን ግን ሁሉም ለራሱ ማሳነስ ያውቅበታል።

ይህ የኳስ ነገር ነው ለሚል፣ የየል ዩኒቨርሲቲው የሕግ ምሁር ዳን ካሃንና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙት ሙከራ አለ። የተቃውሞ ሰልፍ ቪዲዮ ለተመልካቾች ቀረበ። ለግማሾቹ ሰልፈኞቹ ፅንስ ማስወረጃ ክሊኒክ ፊት የቆሙ ተቃዋሚዎች ናቸው ተባለ፤ ለቀሩት ደግሞ የጦር ሠራዊት መመልመያ ፊት የሠራዊቱን ደንብ የሚቃወሙ ናቸው ተባለ። ቪዲዮው ያው ነው። ሰልፈኞቹ መግቢያ ዘግተዋል? አላፊ አግዳሚውን አስፈራርተዋል? ወይስ ድምፃቸውን ብቻ ነው ያሰሙት? ተመልካቹ "አየሁ" ያለው ነገር የሰልፉን ዓላማ መደገፍ አለመደገፉን ተከትሎ ተለዋወጠ። ካሜራ እጅ ሲነሳ ይቀርጻል፤ ለዛቻ ይሁን ለመፈክር የሚፈርደው ግን የሚያየው ሰው ነው።

አእምሮ ማስረጃን እንዴት ነው የሚያጣምመው?

ብዙውን ጊዜ ማስረጃውን አይነካውም፤ የሚለዋውጠው የፍተሻውን ጥብቀት ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ቶማስ ጊሎቪች ነገሩን በሁለት ጥያቄ ይለዩታል። የምንፈልገውን ስንሰማ "ይህን ማመን እችላለሁ?" እንላለን። የማንፈልገውን ስንሰማ ደግሞ "ይህን የማመን ግዴታ አለብኝ?" እንላለን። ለመጀመሪያው አንድ ደጋፊ ምክንያት ይበቃል። ለሁለተኛው አንድ ቀዳዳ ይበቃል፤ በሰው ሥራ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ጠፍቶ አያውቅም።

በ1979 ቻርልስ ሎርድ፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር 48 ተማሪዎችን መረጡ፦ እኩሌቶቹ የሞት ቅጣትን የሚደግፉ፣ እኩሌቶቹ የሚቃወሙ። ሁሉም ሁለት ጥናቶችን አነበቡ፤ አንዱ የሞት ቅጣት ግድያን ይገታል የሚል፣ ሌላው አይገታም የሚል። ጥናቶቹ ለሙከራው የተፈበረኩ ነበሩ፤ የአጠናን ስልታቸውም በአንባቢዎች መካከል እየተቀያየረ ነበር የሚቀርበው። ለአንዱ ቡድን "አስተማማኝ" የሆነው ስልት፣ ውጤቱ ሲገለበጥ፣ "ናሙናው ትንሽ ነው፣ ዓመታቱ ጥቂት ናቸው" እየተባለ ተብጠለጠለ። ሁለቱንም ጥናት አንብበው ሲጨርሱ ደጋፊዎቹ ይበልጥ ደጋፊ፣ ተቃዋሚዎቹም ይበልጥ ተቃዋሚ መሆናቸውን ተናገሩ። የተደባለቀ ማስረጃ ሊያቀራርባቸው ሲገባ አራራቃቸው።

በስሌትና በሳይንስ የበረታ ሰውስ ከዚህ አይተርፍም?

ብዙ አንባቢ መውጫ በዚህ በኩል አለ ብሎ ይጠብቃል። የካሃን ቡድን ለ1,111 አሜሪካውያን ጎልማሶች ያቀረበውን ጥያቄ ቀረብ ብለን እንየው። አዲስ የቆዳ ቅባት ተሞክሯል። ቅባቱን ከተጠቀሙት 223 ሰዎች ሽፍታቸው ተሻላቸው፣ 75 ባሰባቸው። ካልተጠቀሙት 107 ተሻላቸው፣ 21 ባሰባቸው። ቅባቱ ይሠራል? ዓይን ቶሎ የሚያርፈው 223 ላይ ነው፤ ከ107 በእጥፍ ይበልጣላ። ሲሰላ ግን ቅባቱን ከተጠቀሙት የተሻላቸው 75 በመቶ ያህል፣ ካልተጠቀሙት ደግሞ 84 በመቶ ያህል ናቸው። ባይቀቡት ይሻላቸው ነበር። በስሌት የበረቱት ይህን ከሌሎቹ አብልጠው ደረሱበት።

ለሌሎች ተሳታፊዎች የቀረበው ሠንጠረዥ ቁጥሩ ያው ሆኖ ርዕሱ ብቻ ተቀየረ። አሁን የሚነጻጸሩት በአደባባይ ሽጉጥ ደብቆ መያዝን የከለከሉና ያልከለከሉ ከተሞች ሆኑ፤ የሚቆጠረውም ወንጀል የቀነሰባቸውና የጨመረባቸው ነው። በስሌት የበረቱት ትክክለኛው መልስ ከፖለቲካቸው ጋር ሲስማማ አገኙት። ሲጋጭ ግን፣ ችሎታቸው የትም ሳይሄድ፣ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ዕይታ ላይ ቆመው ቀሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፈጣኑ መልስ ደስ የሚል ከሆነ ማን ያሰላል? እርሳስ የሚነሳው የመጀመሪያው መልስ ሲጎረብጥ ነው። በዚያ ሙከራ በሁለቱ ጎራዎች መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉም ሰፍቶ የታየው በስሌት በበረቱት ዘንድ ነበር።

ጥናቱን በኋላ የደገሙት ሁሉ ልዩነቱ ከችሎታ ጋር እየሰፋ ሲሄድ አላገኙትም፤ ስለዚህ "ሰው ብልህ በሆነ ቁጥር ይብስበታል" ብሎ መደምደም ይከብዳል። ኪት ስታኖቪችና ባልደረቦቻቸው ግን ለራስ ወገን ማድላት ከብልህነት ደረጃ ጋር እምብዛም ግንኙነት እንደሌለው ደጋግመው አሳይተዋል። ችሎታ ጠበቃ ነው፤ ጠበቃ ደግሞ ለቀጠረው ይቆማል።

ራስን ማታለል ምን ይጠቅማል?

አንድ መራጭ ስለ ታክስ ወይም ስለ አየር ንብረት ቢሳሳት እሱን ለይቶ የሚያገኘው ቅጣት የለም። ድምፁ ከሚሊዮኖች አንዱ ነው፤ እሱ ተሳሳተ ተብሎ ፖሊሲው አይለወጥም። ከወገኑ ቢለይ ግን ዋጋው ወዲያው ይመጣል፦ ቤተሰብ ያኮርፋል፣ ጓደኛ ይርቃል፣ ስሙ ይነሳል። እንዲህ ሲታይ ከወገን ጋር ሆኖ መሳሳት ለግለሰቡ የሚያዋጣ ምርጫ ነው። ይህን ሁሉም ሲመርጠው ነው ጉዳቱ ለሁሉም የሚተርፈው። ሰው ለራሱ ሕመም ሐኪም ሲመርጥ ወይም ገንዘቡን የሚያስቀምጥበትን ባንክ ሲፈልግ እንዲህ አይዘናጋም፤ ስህተቱ ተመልሶ ራሱ ላይ ነዋ የሚያርፈው።

የወገን ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ጆፍሪ ኮኸን በ2003 ባሳተሙት ጥናት ታይቷል። ለተማሪዎች ስለ ድጎማ የሚናገር የፖሊሲ ሐሳብ ቀረበ፤ አንዳንዱ በጣም ለጋስ፣ አንዳንዱ በጣም ቆንቋና። የፓርቲ ስም ካልተጠቀሰ ሁሉም በይዘቱ ፈረዱ፤ ግራ ዘመሞች ለጋሱን፣ ቀኝ ዘመሞች ቆንቋናውን ወደዱ። "ይህን ፓርቲህ ደግፎታል" ሲባሉ ግን ይዘቱ ከጨዋታ ወጣ፤ ግራ ዘመሙ ቆንቋናውን፣ ቀኝ ዘመሙ ለጋሱን ደገፈ። ለምን እንደደገፉ ሲጠየቁ ታዲያ ሁሉም "ይዘቱን አይቼ ነው" አሉ። እየዋሹ አልነበረም። በፓርቲው ስም መመራታቸውን ራሳቸውም አላወቁትም።

የሚሉትን በእውነት ያምኑታል ወይስ ለወገናቸው ብለው ነው የሚናገሩት?

ሁለቱም አለ፤ መጠኑን መለየት ደግሞ ይቻላል። በጃንዋሪ 2017 ብራያን ሻፍነርና ሳማንታ ሉክስ የሁለት በዓለ ሲመት ፎቶዎችን ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ የ2009ኙን የኦባማና የ2017ቱን የትራምፕ። ጥያቄው ሕፃን የሚመልሰው ነበር፦ ብዙ ሰው የሚታየው በየትኛው ላይ ነው? ትራምፕን ከመረጡት 15 በመቶው ሰው የሳሳበትን ፎቶ አመለከቱ፤ ሂላሪ ክሊንተንን ከመረጡት እንዲህ ያሉት 2 በመቶ ናቸው። እነዚያ 15 በመቶ ዓይናቸው ታሞ አይደለም። ጥያቄውን "የማን ወገን ነህ?" ብለው ሰሙትና ለዚያ መለሱ።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ይጠራል። በ2015 የታተሙ ሙከራዎች ለትክክለኛ መልስ ትንሽ ክፍያ ሲሰጥ በፓርቲ ደጋፊዎች መካከል ያለው የመልስ ልዩነት በከፍተኛ መጠን እንደሚጠብ አሳይተዋል፤ "አላውቅም" ለሚል ሲከፈል ደግሞ ይብሱን ጠበበ። ከልዩነቱ ትልቁ ክፍል ጭብጨባ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ግን ጭብጨባ አይደለም። ከ2016ቱ ምርጫ በፊት በነበረው ሳምንት ኢኮኖሚው እየተሻሻለ ነው ያሉ ሪፐብሊካኖች ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ጠያቂ ድርጅት ባደረገው መጠይቅ 16 በመቶ ነበሩ፤ ከምርጫው ማግስት 49 በመቶ ሆኑ። ዴሞክራቶቹ ከ61 ወደ 46 በመቶ ወረዱ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ የተለወጠው አሸናፊው እንጂ ኢኮኖሚው አልነበረም።

ሁለቱም ወገን ሚዲያውን "የእነሱ ነው" የሚለው ለምንድን ነው?

በ1982 ቤሩት ውስጥ የፍልስጤም ስደተኞች በሚኖሩባቸው በሳብራና ሻቲላ የደረሰውን ጭፍጨፋ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች የዘገቡበትን ፊልም ተመራማሪዎች ለእስራኤል ደጋፊና ለዐረብ ደጋፊ ተማሪዎች አሳዩ፤ ጥናቱ በ1985 ታተመ። እያንዳንዱ ወገን ዘገባው በእሱ ላይ ያደላ ነው አለ። ሌላ ገለልተኛ ሰው ቢያየው የእኛን ወገን ይጠላል ብለውም ሰጉ። ሚዛናዊ ዘገባ ለእርግጠኛ ሰው ሚዛናዊ ሆኖ አይታየውም፤ ግማሹ ውሸት ነው ብሎ ያመነውን ነገር እኩል ሰዓት ተሰጥቶት ያያላ። "ሁለቱም ወገን ከሰደበህ ትክክል ነህ" የሚለው የጋዜጠኞች መጽናኛ ግን ከዚህ አይከተልም። ሁለቱም ወገን የሚጠላው ዘገባ ስህተትም ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ የማኅበራዊ ሚዲያ አይደለም?

የፉትቦሉ ጥናት ሲሠራ ቴሌቪዥን እንኳ ገና በየቤቱ አልገባም ነበር። ማኅበራዊ ሚዲያ ፍጥነቱን ጨምሯል፣ የጎራውን ጩኸት በኪስ አስይዟል፤ ጠባዩን ግን አልፈጠረውም።

እንግዲያው የተቃራኒውን ወገን ሚዲያ ብከታተል ይረዳኛል?

በምን መልኩ እንደሚከታተሉት ይወሰናል። በ2018 በታተመ ሙከራ የትዊተር ተጠቃሚዎች የተቃራኒውን ጎራ ጽሑፍ የሚያጋራ አካውንት ለአንድ ወር እንዲከተሉ ተከፈላቸው። ሪፐብሊካኖቹ ይበልጥ ወግ አጥባቂ ሆኑ፤ ዴሞክራቶቹ ላይ የታየው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የባላንጣን መፈክር በየዕለቱ ማንበብ አያለዝብም፤ በዚያ መድረክ ጎልቶ የሚወጣው ደግሞ የጎራው አንደበተ ክፉ ነው።

ረዘም ያለ ዜና ሲሆን ግን ሌላ ነገር ታየ። በሴፕቴምበር 2020 ዴቪድ ብሩክማንና ጆሹዋ ካላ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው የፎክስ ኒውስ ጣቢያ ተከታታዮች ለአንድ ወር የተቃራኒው ጎራ የሚሉትን ሲኤንኤን እንዲያዩ በሰዓት 15 ዶላር ከፈሏቸው። ተመልካቾቹ ቀድሞ ያልሰሙትን ሰሙ፣ በአንዳንድ ጉዳዮችም ሐሳባቸውን ቀየሩ። የተለወጠው አቋማቸው ብቻ ሳይሆን "የኔ ጣቢያ ምን ሳይነግረኝ ቀረ?" የሚል ጥርጣሬም ተፈጥሮባቸዋል። ክፍያው ሲያልቅ ወደ ቀድሞ ጣቢያቸው ተመለሱ፤ ለውጡም አብዛኛው ተነነ። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለተኛውን ክፍል ነው፦ ጣቢያ የሚዋሸው በሚናገረው ብቻ ሳይሆን በሚያልፈው ነው፣ ያለፈውን ደግሞ ከራሱ ከጣቢያው መስማት አይቻልም።

የእኔ ወገን ግን ይሻላል፤ አይደለም?

ፒተር ዲቶና ባልደረቦቻቸው በ2019 ባሳተሙት ሥራ 51 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰበሰቡ። ግራ ዘመሞችም ቀኝ ዘመሞችም በአማካይ ተቀራራቢ መጠን ለወገናቸው ያደላሉ። ይህ ማለት ግን በእያንዳንዱ ጉዳይ ሁለቱ ወገኖች እኩል ተሳስተዋል ማለት አይደለም። አድልዎው እኩል ሆኖ በአንድ ጉዳይ ላይ አንደኛው ጎራ ዕድል ቀንቶት ከእውነታው ጋር ሊቆም ይችላል፤ በሌላው ጉዳይ ደግሞ ተራው ይዞራል።

ስለ ባላንጣችን ያለን ምስል ደግሞ ከሁሉም በላይ የተዛባው ነው። ዳግላስ አህለርና ጋውራቭ ሱድ አሜሪካውያንን ከሪፐብሊካን ደጋፊዎች ስንቱ በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ ያገኛል ብለው ጠየቁ። የግምቱ አማካይ 38 በመቶ ሆነ። እውነተኛው ቁጥር 2 በመቶ ገደማ ነው።

አድልዎ የሌለባቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ማስረጃ ሊለያዩ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ጋዜጣ "ሚኒስትሩ ጉቦ ተቀበሉ" ብሎ ጻፈ እንበል። አንዷ አንባቢ ይህ ጋዜጣ ቀደም ሲል ያጋለጣቸው ሁለት ጉዳዮች በፍርድ ቤት ሲረጋገጡ አይታለች። ሌላው አንባቢ ያው ጋዜጣ ስም አጥፍቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ያስታውሳል። የመጀመሪያዋ ሚኒስትሩን መጠርጠር ትጀምራለች፤ ሁለተኛው ጋዜጣውን ይበልጥ ይጠረጥራል። በማግስቱ ሚኒስትሩ ሲያስተባብሉ ለእሷ "ምን ይበሉ ታዲያ?" ነው፤ ለእሱ ደግሞ የጠበቀው ማረጋገጫ ነው። በእያንዳንዱ ዜና እየተራራቁ ይሄዳሉ። በየትኛውም እርምጃ ላይ ግን አንዳቸውም የአመክንዮ ስህተት አልሠሩም።

በ2005 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ሮበርት አውማን በ1976 በሒሳብ ያረጋገጡት ነገር አለ፦ ምክንያታዊ የሆኑ ሁለት ሰዎች መነሻ ግምታቸው አንድ ከሆነና የሁለቱም ድምዳሜ በመካከላቸው የጋራ እውቀት ከሆነ (አንዱ የሌላውን ማወቁ ብቻ ሳይሆን መታወቁም ለሁለቱም ግልጽ ከሆነ)፣ ተለያይተው መቅረት አይችሉም። በኑሮ ውስጥ የማይሟላው "መነሻ ግምታቸው አንድ ከሆነ" የሚለው ነው። ክርክሩ በምንጩ ላይ እያለ እውነታ መደርደር ለዚህ ነው ጠብ የማይል። "ይህን ምንጭ የማታምነው ምን ሲያደርግ አይተህ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነገሩን የተጀመረበት ቦታ ይወስደዋል።

እንግዲያው እውነት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው?

አይደለም። የቅባቱ ስሌት አንድ መልስ ነው ያለው፤ በፎቶዎቹም ላይ ብዙ ሰው ያለበት የታወቀ ነው። ለዕይታ መለያየት ምክንያት ማግኘት የታየውን ነገር አያጠፋውም። "ሁሉም የራሱ እውነት አለው" የሚለው ንግግር ትሕትና ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን ማስረጃ የሌለውን ወገን ነው።

መለየት ያለበት ሌላ ነው። የሞት ቅጣት ግድያን ይገታል ወይ የሚለው የእውነታ ጥያቄ ነው። መንግሥት ሰው መግደል ይገባዋል ወይ የሚለው ደግሞ የእሴት። ግድያን ቢገታም ባይገታም ቅጣቱን የሚቃወም ሰው ስለ መግታቱ የሚያሳስበው ነገር ባልነበረ፤ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል "ደግሞም አይገታም" ብሎ ይጨምራል። ደጋፊውም "ፍትሕ ነው" ብሎ አይበቃውም፤ "ደግሞም ይገታል" ይላል። አንድ ፖሊሲ ፍትሐዊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ውጤታማ ነው፣ ማንንም አይጎዳም ብሎ የሚያምን ሰው ከአራቱ ቢያንስ አንዱን ሳይመረምር ነው የተቀበለው። እውነተኛ ፖሊሲ ላይ እነዚህ አራቱ እንዲህ ተስማምተው አይገኙም።

እኔ ራሴ እያዛባሁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

"ከአድልዎ ነጻ ልሁን" ብሎ መወሰን አይሠራም፤ ይህ ተሞክሯል። የሞት ቅጣቱን ጥናት የሠሩት ሎርድና ሌፐር በ1984 ከኤሊዛቤት ፕሬስተን ጋር ሙከራውን ሲደግሙ ለአንዳንዶቹ አንባቢዎች "እንደ ዳኛ ሚዛናዊ ሁኑ" አሏቸው። ምንም ለውጥ አላመጣም። ለሌሎቹ ደግሞ "በየእርምጃው ይህ ጥናት በዚሁ ስልት ተሠርቶ ውጤቱ ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ትፈርዱ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ" አሏቸው። በእነዚህ ላይ መራራቁ ጠፋ። ቪዲዮ ሲያዩ የሰልፈኞቹን መፈክር በሐሳብ መቀያየር፣ የባለሥልጣን ንግግር ሲሰሙ ያንኑ የተቃዋሚው መሪ ተናገሩት ብሎ መስማት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሌላው ዘዴ ማብራራት ነው። ፊሊፕ ፈርንባክና ባልደረቦቻቸው በ2013 ሰዎችን ስለሚደግፉት ፖሊሲ "ለምን ትደግፉታላችሁ?" ሳይሆን "ከመነሻ እስከ ውጤት እንዴት ነው የሚሠራው?" ብለው ጠየቁ። ምክንያት የደረደሩት ባሉበት ጸኑ። አሠራሩን ለማስረዳት የሞከሩት መሐል ላይ ሲጠፋባቸው የሚያውቁት ከመሰላቸው ያነሰ መሆኑን ተረዱ፤ አቋማቸውም ለዘብ አለ።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ ተከራካሪዬን "ወገንተኛ ነህ" ብዬ መርታት እችላለሁ?

ብዙ ሰው ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ለዚሁ ነው ብዬ እገምታለሁ። ኤሚሊ ፕሮኒን፣ ዳንኤል ሊንና ሊ ሮስ በ2002 እንዳሳዩት ሰው የአድልዎ ዓይነቶች ሲዘረዘሩለት ሌሎች ላይ ቶሎ ያያቸዋል፤ በራሱ ላይ ግን ከሌላው ሰው ያነሰ እንዳለበት ይናገራል። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት በብልህነት መለኪያ ከፍ ያሉት በዚህ በኩል የተሻሉ እንዳልሆኑ ጨምሮበታል። ስለዚህ የአድልዎ እውቀት እንደማንኛውም እውቀት መጀመሪያ የሚያገለግለው ባላንጣን ለማጥቃት ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ክሱ ቢያዝም ነገሩን አለመጨረሱ ነው። ወገንተኛ ሰው ትክክል ሊናገር ይችላል፤ ገለልተኛውም ሊሳሳት ይችላል። ጠበቃ ለደንበኛው ያደላል፣ ያቀረበው ሰነድ ግን በዚህ ምክንያት ሐሰተኛ አይሆንም። ካትሊን ኬኔዲና ኤሚሊ ፕሮኒን በ2008 ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ፦ ተከራካሪው "አድልዎ ይዞታል" ብሎ ያሰበ ሰው ከመነጋገር ይልቅ ወደ መጋጨት ያዘነብላል፤ በዚያ በኩል ያለው ደግሞ ያንን ጠብ አጫሪነት ሲያይ "ይኸው፣ እሱ ነው ወገንተኛው" ይላል።